ነጥብ ወይስ ቁጥር? ዳይስና የጨዋታ ጠጠር ስትመርጡ

ዳይስ ርካሽ ነገር ስለሆነ ማንም አስቦበት አይገዛውም። ፎቶው ያምራል፣ ይታዘዛል፣ ይመጣል። ጉዱ የሚወጣው ማታ አምፖል ሥር ሲጣል ነው። "አምስት!" "የቱ ጋ ነው አምስት? ሦስት ነው እንጂ!" አንዱ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ሌላው በስልኩ ያበራል፣ ሦስተኛው እስከዚያ ዳይሱን አንስቶ እንደገና ጥሎታል። ጨዋታው የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ አቋሜን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ዳይስ የሚመረጠው በላዩ ባለው ምልክት ነው። ቀለሙ፣ ብልጭልጩ፣ ከምን እንደተሠራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለጠጠርም ያው ነው፤ የማን እንደሆነ ባንድ እይታ ካልታወቀ ቆንጆ መሆኑ ምንም አይጠቅምም።

ለቸኮለ ሰው መልሱ አጭር ነው። ለቤተሰብ፣ ለሉዶ፣ ለማንኛውም ባለስድስት ገጽ ጨዋታ 16 ሚሊሜትር የሆነ፣ ነጭ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለው፣ ጥጉ ለስለስ ያለ ዳይስ ግዙና ተገላገሉ። ለምን እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ወይም ከሉዶ ወጣ ያለ ጨዋታ የሚጫወት ሰው ካለ ይቀጥል።

ነጥብ ወይስ ቁጥር

ነጥብ ያለው ዳይስ ትልቁ ጥቅሙ ከየትኛውም ጎን መነበቡ ነው። ጠረጴዛው ዙሪያ አራት ሰው ተቀምጦ አራቱም እኩል ያዩታል። ደግሞ ዓይናችን ነጥቦቹን አንድ በአንድ አይቆጥርም፣ ቅርጹን ነው የሚያውቀው። አንድ መሐል ላይ፣ ሁለትና ሦስት በሰያፍ፣ አራት በአራቱ ጥግ፣ አምስት አራቱ ጥግና መሐሉ፣ ስድስት ሦስት ሦስት ሆኖ በሁለት ረድፍ። ፊደል ያልቆጠረ ሕፃንም ቢሆን በጣቱ እየነካ ይቆጥራል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሳይቆጥር ማወቅ ይጀምራል። ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ነጥብ ላይ አትከራከሩ።

ቁጥር የሚያሸንፈው ከስድስት በላይ ስንሄድ ነው። አንዲት ትንሽ ሦስት ማዕዘን ገጽ ላይ 17 ነጥብ ማን ይቆጥራል? ባለስምንት፣ ባለአሥር፣ ባለሃያ ገጽ ዳይስ በቁጥር የሚሠራው ለዚህ ነው። ቁጥር ግን ራስና እግር አለው፣ ከማዶ የተቀመጠ ሰው ገልብጦ ነው የሚያነበው። 6 ሲገለበጥ 9 ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱም ባሉበት ዳይስ ላይ ከሥራቸው ትንሽ መስመር ወይም ነጥብ መኖር አለበት። ከመግዛታችሁ በፊት ፎቶውን አጉልታችሁ እሱን ፈልጉ፣ ከሌለ እለፉት። ባለስድስት ገጽ ላይ 9 ስለሌለ ባይሰመርበትም አይጎዳም።

የግዕዝ ቁጥር ያለበት ዳይስ ለመሥራት የሚያስብ ሰው አይጠፋም። ባዶ ዳይስ ገዝቶ ፩ እስከ ፮ መጻፍ ቀላል ነው፣ ስጦታ ሲሆንም ያምራል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። የግዕዝ ቁጥር ከላይም ከታችም መስመር አለው፣ ስለዚህ ከሥር በማስመር ራሱን ከእግሩ መለየት አይቻልም። ተገልብጦ ሲወድቅ ቅርጹን ራሱን ማንበብ ግድ ነው። ለፈጣን ጨዋታ አልመርጠውም። ለጌጥና ተረጋግቶ ለሚጫወት ሰው ግን ለምን አይሆንም።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ አንዱ ገጽ ላይ ቁጥሩ ወጥቶ ሥዕል ወይም አርማ የገባበት። ድራጎን፣ የራስ ቅል፣ የድርጅት ምልክት፣ ምንም ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ አርማው የሚተካው ትልቁን ቁጥር ነው፣ ግን አንድን የሚተኩም አሉ። ከሁለቱም ዓይነት ጠረጴዛው ላይ ካለ ለአንዱ ድል የሆነው ለሌላው ውርደት ይሆናል። እንዲህ ዓይነቱን የምትገዙ ከሆነ ሁሉንም ከአንድ ሠሪ ግዙ።

ቁጥሮቹ የት የት ተቀምጠዋል?

አንድ ዳይስ አንሱና ጀርባና ፊቱን ደምሩ። አንድ ካለ ከኋላው ስድስት፣ ሁለት ካለ አምስት፣ ሦስት ካለ አራት። ሁልጊዜ ሰባት ነው። ጠቅላላ ነጥቡ ደግሞ 21። ይህ ሥርዓት ጥንታዊ ነው፣ ግን ሁልጊዜ የነበረ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ አንድን ከሁለት፣ ሦስትን ከአራት፣ አምስትን ከስድስት ጀርባ ለጀርባ ያደረጉ ዳይሶች በብዛት ይሠሩ ነበር። የሚገርመው፣ ከዳይስ ሌላ ግሪኮችና ሮማውያን የሚጫወቱበት የበግ ቁርጭምጭሚት አጥንት ላይ ምንም ምልክት አልነበረም። በየትኛው ጎኑ እንደወደቀ ከቅርጹ ይለዩት ነበር። አራት መውደቂያ ጎን አለው፣ ዋጋቸው 1፣ 3፣ 4 እና 6። እዚያም ተቃራኒዎቹ ሲደመሩ ሰባት ናቸው።

ይህን ማወቅ ለገዢ ምን ይረባል? አንደኛ፣ የተበላሸ ወይም የተጭበረበረ ዳይስ ለመለየት። ባለስድስት ገጽ ዳይስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ አንድ ሰው ባንድ ጊዜ ከሦስት ገጽ በላይ ማየት አይችልም። አጭበርባሪዎች የሚጠቀሙት በዚህ ነው፤ ሦስት ቁጥሮች ብቻ ያሉበት፣ እያንዳንዱ ከፊትም ከጀርባም የተደገመበት ዳይስ ሠርተው ያስገባሉ። ተቀምጦ ሲታይ ምንም ጉድለት የለውም። ዳይሱን አንስቶ ማገላበጥ ግን አሥር ሴኮንድ አይፈጅም። ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት። ካልሆነ መልሱት።

ሁለተኛው ጉዳይ አቅጣጫ ነው። አንድ፣ ሁለትና ሦስት የሚገናኙበትን ጥግ ወደ ራሳችሁ አዙሩት። ከአንድ ወደ ሁለት ወደ ሦስት ስትሄዱ ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ ከዞረ የምዕራባውያን አሠራር ነው፣ ቀኝ እጅ ይሉታል። እንደ ሰዓት ከዞረ ደግሞ ግራ እጅ ይባላል፣ የቻይና ዳይስ በአብዛኛው እንዲህ ነው። የቻይናውን ለመለየት ግን ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። አንዱ ነጥብ ትልቅና ቀይ ነው፣ አራቱም ቀይ ናቸው። የጃፓኑ ላይ ብዙ ጊዜ ቀዩ አንድ ብቻ ነው።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? ለዕድል ምንም ልዩነት የለውም። አቅጣጫው የሚወድቀውን ቁጥር አይለውጠውም። እኔ ግን ልጆች ለሚጫወቱበት ቀዩ አንድ ያለበትን እወዳለሁ፣ ምክንያቱም አንድና ሌላው ከሩቅ ይለያል። የማልመክረው ቅልቅሉን ነው። ጥንድ ዳይስ የሚፈልግ ጨዋታ ላይ አንዱ ቀይ ነጥብ ያለው ሌላው የሌለው ሲሆን ሰው ቀዩ የተለየ ትርጉም ያለው ይመስለዋል፣ ከዚያ ማስረዳት ነው።

ጉድጓድ ነጥብ፣ የተሞላ ነጥብ

አሁን ብዙ ሰው የሚያካብደው ጉዳይ ላይ ደረስን፤ "ይሄ ዳይስ ፍትሐዊ ነው?" የሚለው።

ተራ ዳይስ ላይ ነጥቡ ጉድጓድ ነው፣ ውስጡ ቀለም ተቀብቷል። ስድስት ጉድጓድ ያለበት ገጽ አንድ ጉድጓድ ካለበት በጥቂቱ ይቀላል። ቀላሉ ጎን ወደ ላይ ያደላል። ይህ ወሬ ብቻ አይደለም። ዌልደን የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ 12 ዳይስ ባንድ ላይ 26,306 ጊዜ የተጣለበትን ውጤት መዝግቦ በ1894 እ.ኤ.አ. ለባልደረባው ለጎልተን ላከለት። አምስትና ስድስት 106,602 ጊዜ ወጡ። ዳይሱ ፍጹም ቢሆን ኖሮ ወደ 105,224 አካባቢ ነበር የሚጠበቀው። ካርል ፒርሰን በ1900 እ.ኤ.አ. ዛሬ ስታቲስቲክስ የተማረ ሁሉ የሚያውቀውን የካይ ስኩዌር ፈተና (ውጤቱ ከሚጠበቀው የራቀው በአጋጣሚ ሊሆን ይችል እንደሆነ የሚለካ ሒሳብ) ሲያቀርብ ይህንኑ መዝገብ ተጠቅሟል።

ግን ቁጥሩን ረጋ ብላችሁ እዩት። ልዩነቱ ከ33.33 በመቶ ወደ 33.77 በመቶ ነው። ይህን ለማየት ከ315 ሺህ በላይ የዳይስ ውጤት አስፈልጓል። እሑድ ከሰዓት ሉዶ የሚጫወት ሰው በዕድሜው ልክ ቢጥል አይሰማውም። በሉዶ የተሸነፈ ሁሉ ዳይሱን ይወነጅላል፣ ዳይሱ ግን ብዙ ጊዜ ንጹህ ነው። ሌላ ሰው በ2009 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ያንኑ ሙከራ በማሽን ደግሞት ነበር፤ እሱ ያገኘው አንድና ስድስት ጥቂት እንደሚበዙ ነው፣ ምክንያቱም ዳይሶቹ ፍጹም ኪዩብ አልነበሩም፣ አንድና ስድስት ባሉበት አቅጣጫ ትንሽ ያጥሩ ነበር። ማለትም ከጉድጓዱ ይልቅ የአሠራሩ ልክ ሊብስ ይችላል።

ገንዘብ የሚጣልበት ቦታ ግን ሌላ ነው። የካዚኖ ዳይስ 19 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ብዙ ጊዜ ቀይና ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ጥጉ እንደ ምላጭ የተሳለ። ጉድጓዱ ከዳይሱ ጋር እኩል በሚከብድ ነገር ተሞልቶ ተስተካክሏል፣ እጅ ሲያልፍበት ልሙጥ ነው። የሚፈቀደው የልክ ስህተት የኢንች አንድ ሁለት ሺሕኛ ነው፣ እሱም 0.013 ሚሊሜትር አካባቢ ማለት ነው። መለያ ቁጥር ይታተምበታል፣ ለሰዓታት ካገለገለ በኋላም ይወገዳል። ብርሃን የሚያሳልፈው ውስጡ ከባድ ነገር እንዳልተደበቀበት እንዲታይ ነው።

ለቤት ይሻላል ወይ? አይመስለኝም። የተሳለው ጥግ ጠረጴዛ ይጭራል፣ ግድግዳ ያለው ትልቅ መጣያ ይፈልጋል፣ ዝም ብሎ እጅ ውስጥ አሽቶ ለመጣል አይመችም። ደግሞ ያ ሁሉ ልክ ምንጣፍ ላይ ሲጣል ዋጋ የለውም። ነጥቡ የተሞላ መሆኑ ሌላ ጉዳትም አለው። ማየት ለተሳነው ሰው በጣት መንካት አይቻልም። ለእንዲህ ያለ ተጫዋች ነጥቡ ወደ ላይ ያበጠ ዳይስ አለ፣ እሱ ካልተገኘ ጥልቅ ጉድጓድ ያለው ተራ ዳይስ ከካዚኖው በጣም ይሻላል።

ጥግ፣ መጠን፣ ቀለም

ለስላሳ ጥግ ያለው ብዙ ይንከባለላል፣ ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ወለል ድረስ ይሄዳል። የተሳለ ጥግ ያለው ቶሎ ይቆማል። ቤታችሁ ውስጥ ዳይስ ሁልጊዜ ሶፋ ሥር የሚገባ ከሆነ መፍትሔው ዳይስ መቀየር አይደለም፣ ትሪ ነው። ጠርዝ ያለው ትሪ ላይ ጨርቅ አንጥፋችሁ እዚያ ጣሉ፣ ድምፁም ይቀንሳል። በፕላስቲክ ጉልላት ውስጥ ተዘግቶ ሲጫኑት የሚዘል ዳይስ ያለው የሉዶ ዓይነትም አለ። ዳይሱ አይጠፋም፣ ትንሹ ልጅ አይውጠውም፣ ማንም በጣቱ አያስተካክለውም። ሲደጋገም ያለው ቋ ቋ የሚል ድምፅ ነው ችግሩ።

መጠን ላይ 16 ሚሊሜትር መደበኛው ነው። 12 ሚሊሜትሩ ብዙ ዳይስ ባንድ ጊዜ ለሚጣልባቸው ጨዋታዎች ይመቻል፣ አሥር እንኳ ቢሆን እጅ ውስጥ ይገባል። ግን ለእናት ለአባት አይሰጥም፣ መነጽር ያስፈልጋል። ከሦስት ዓመት በታች ልጅ ካለ ደግሞ ትንንሹ በፍጹም አይታሰብም፣ አፍ ውስጥ ይገባል።

ቀለምን በተመለከተ ሕጉ አንድ ነው። ምልክቱና መደቡ ይራራቁ። ነጭ በጥቁር፣ ጥቁር በነጭ፣ ጥቁር ሰማያዊ በነጭ። ብልጭልጭ የተበተነበት፣ ጭስ የመሰለ፣ ግማሹ ወይን ጠጅ ግማሹ ግራጫ የሆነ ዳይስ ላይ የወርቅ ቁጥር ፎቶ ላይ ድንቅ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ግን አይነበብም። የብረቱም ዓይነት እንዲሁ፤ ያንጸባርቃል። በዚያ ላይ ከባድ ስለሆነ የመስታወት ጠረጴዛ ያለው ሰው ባይሞክረው ይሻላል። በአጠቃላይ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ አስቀምጣችሁ ማንበብ ካልቻላችሁ የመደርደሪያ ጌጥ ነው።

ብዙ ገጽ ያላቸው

እዚህ ጋ ወግ ቀየር ይላል። በ1974 እ.ኤ.አ. ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለው ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሚጫወቱት ጨዋታ ከወጣ ወዲህ ሰባት ዳይስ አንድ ስብስብ ሆኖ መሸጥ የተለመደ ሆኗል። ባለ4፣ ባለ6፣ ባለ8፣ ሁለት ባለ10፣ ባለ12 እና ባለ20። ተጫዋቾቹ ዲ4፣ ዲ6፣ ዲ20 እያሉ ነው የሚጠሯቸው። "2ዲ6+3" ተብሎ ከተጻፈ ሁለት ባለስድስት ጥላችሁ ደምሩና ሦስት ጨምሩ ማለት ነው። ቅርጹ አዲስ እንዳይመስላችሁ። ኒው ዮርክ ያለው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የግሪክ ፊደል የተቀረጸበት፣ ከግብፅ የመጣ ባለ20 ገጽ ዳይስ አለው፣ ሁለት ሺህ ዓመት አካባቢ የሚሆነው።

ከእነዚህ ውስጥ አስቸጋሪው ዲ4 ነው። ሲወድቅ ሹል ጫፉ ወደ ላይ ይቆማል እንጂ ወደ ላይ የሚያይ ገጽ የለውም። ስለዚህ በየገጹ ሦስት ሦስት ቁጥር ይጻፋል፣ አጻጻፉም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ላይ ከጫፉ አጠገብ ያለው ቁጥር ነው ውጤቱ፣ ሌላው ላይ ከታች ጠረጴዛውን የነካው ጠርዝ ላይ ያለው። በሁለቱም ቀጥ ብሎ ቆሞ የሚነበበው ቁጥር በሦስቱም ጎን አንድ ዓይነት ነው፣ ያ ነው መልሱ። ምረጡ ካላችሁኝ የጫፉን እመርጣለሁ፤ ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ይቀላል። ከሁሉም በላይ ግን ጠረጴዛችሁ ላይ አንዱ ዓይነት ብቻ ይሁን።

ዲ10 ላይ ከ0 እስከ 9 ነው የተጻፈው። ዜሮው አሥር ተብሎ ይነበባል። ሁለተኛው ዲ10 ደግሞ 00፣ 10፣ 20 እያለ እስከ 90 ይሄዳል። ሁለቱ ባንድ ላይ ሲጣሉ ከ1 እስከ 100 ይሰጣሉ፣ 40 እና 7 ከወጣ 47 ነው። 00 እና 0 ከወጣ መቶ ነው። ይህን መጀመሪያ ተነጋገሩበት፣ አንድ ሰው ዜሮ ነው ብሎ ሙጭጭ ማለቱ አይቀርም። ስብስብ ስትገዙ ሁለተኛው ዲ10 ባለሁለት አኃዝ መሆኑን አረጋግጡ፤ ሁለቱም ከ0 እስከ 9 ከሆኑ በቀለም መለየት አለባቸው፣ አለዚያ የአሥር ቤቱ የቱ እንደሆነ አይታወቅም።

ዲ20 ላይ ተቃራኒ ገጾች ሲደመሩ 21 ናቸው፣ ዲ12 ላይ 13፣ ዲ8 ላይ 9። ትልልቆቹ ቁጥሮች ባንድ ወገን እንዳይከማቹ ተበትነው ነው የሚቀመጡት። አሁን ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። ከሩቅ ሲያዩት ያው ዲ20 የሚመስል፣ ግን ቁጥሮቹ 20፣ 19፣ 18 እያሉ ጎን ለጎን የተከታተሉበት ዓይነት አለ። እሱ የተሠራው ለመጣል ሳይሆን ለመቁጠር ነው። ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የሚባለው የካርታ ጨዋታ ላይ ተጫዋች በ20 ነፍስ ይጀምራል፣ ሲመታ ዳይሱን አንድ ገጽ ያዞራል። ለዚህ አንደኛ ነው። ለመጣል ግን ትልልቁ ሁሉ አንድ ጎን ስለተሰበሰበ እጁ የሰላ ሰው ወደዚያ ማድላት ይችላል። "ሃያን ፈልጉ፣ ጎኑ ላይ 19 ካለ መቁጠሪያ ነው" በሉ፣ በቃ።

ለአንድ ጨዋታ ብቻ የተሠሩ

እነዚህን በፍጥነት እንለፋቸው፤ ጨዋታው ከሌላችሁ አያስፈልጉም። 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64 የተጻፈበት ትልቅ ዳይስ ባክጋሞን በሚባለው የሰሌዳ ጨዋታ ላይ ውርርዱ እጥፍ ሲሆን የሚያሳይ ነው፣ አይጣልም። ሲጀመር 64ቱ ወደ ላይ ሆኖ መሐል ይቀመጣል፣ ውርርዱን ገና ማንም እጥፍ አላደረገም ለማለት። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ የተጀመረ ነገር ነው። የፖከር ዳይስ ደግሞ እንደ ካርታ 9፣ 10፣ ጃክ፣ ኩዊን፣ ኪንግና ኤስ አለው። ሁለት የመደመር፣ ሁለት የመቀነስ ምልክትና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው አራት ሆኖ ይጣላል፣ ውጤቱ ከ-4 እስከ +4 ነው። 2፣ 3፣ 3፣ 4፣ 4፣ 5 ያለው ደግሞ የጦርነት ጨዋታ ለሚወዱና ውጤቱ ከመሐል ብዙ እንዳይርቅ ለሚፈልጉ ነው።

አንድ ግን ሒሳብ ለሚወድ ሰው ስጦታ ይሆናል። ሲከርማን የሚባል ሰው ያገኘው ጥንድ ነው፣ አንዱ ላይ 1፣ 2፣ 2፣ 3፣ 3፣ 4፣ ሌላው ላይ 1፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ 8። ሁለቱ ተጥለው ሲደመሩ ከ2 እስከ 12 የሚወጡበት ዕድል ከተራ ጥንድ ዳይስ ጋር አንድም ሳይዛነፍ እኩል ነው። በባዶ ዳይስ እቤት መሥራት ይቻላል። አንድ ዓይነት ቁጥር በሁለቱም ላይ ሲወጣ የተለየ ሕግ ያለው ጨዋታ ላይ ግን አይሠራም።

ጠጠሮቹ

በዳማ ጠጠር እንላለን፣ በቼዝም በሉዶም ያው ጠጠር ነው። የውጭ ጨዋታዎችን መመሪያ ስታነቡ ግን ስሙ ብዙ ነው፣ ስትገዙም በዚያ ስም ነው የምታገኙት። ፓውን የሚባለው ጭንቅላቱ ድቡልቡል፣ ሥሩ ሰፊ የሆነው፣ የሉዶው ዓይነት ነው። ሚፕል እጅና እግሩን የዘረጋ ትንሽ የእንጨት ሰው፤ በ2000 እ.ኤ.አ. ከወጣው ካርካሶን ከተባለው ጨዋታ ጋር የመጣ ስም ነው። ስታንዲ በፕላስቲክ መቆሚያ ላይ የሚሰካ ሥዕል ያለበት ካርቶን፣ ሚኒያቸር ደግሞ በዝርዝር የተቀረጸ ትንሽ ምስል ነው። ቶከን ለማንኛውም መቁጠሪያ ወይም ማስቀመጫ የሚሆን ክብ ነገር ሁሉ ነው።

ከነዚህ ውስጥ የትኛው? ጨዋታው ጠጠሮቹን በቀለም ብቻ የሚለይ ከሆነ ፓውን ይበቃል፣ ቶሎ ይነሳል፣ አይወድቅም። ሰው በዛ ካለ፣ አምስት ስድስት ተጫዋች ከሆነ፣ ቅርጹ የሚለያይ ይሻላል። ሉዶ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ሰማያዊ ነው፣ ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚቸገር ሰው ደግሞ ከምታስቡት በላይ ብዙ ነው። የአንዱን ቀለም ጠጠሮች ጭንቅላት ላይ በጥቁር እስክሪብቶ ምልክት ማድረግ ይበቃል። ሚኒያቸር ያምራል፣ ስትቀቡት ደግሞ ራሱ ሌላ ሥራ ይሆናል፣ ግን ጦርና ክንፉ ይሰበራል፣ ከሩቅም ሁሉም ግራጫ ነው። ጨዋታውን ገና ለሚሞክር ቡድን ስታንዲ ይመረጣል። ጠፍጣፋ ነው፣ ፖስታ ውስጥ ይገባል፣ ሥዕሉ ማን እንደሆነ ይናገራል።

የዳማ ነገር የተለየ ነው። ቆርኪ ያለበት አገር ሰው የዳማ ጠጠር ለምን ይገዛል? የአንዱ በፊቱ፣ የሌላው በጀርባው፣ ንጉሥ ሲሆን ሌላ ይደረብበታል። ምልክቱ እንደ ቀንና ሌሊት የተለየ ነው፣ ቢጠፋም ማምጣት ቀላል ነው። ጉድለቱ መንሸራተቱና ንፋስ መፍራቱ ነው። የተገዛው የእንጨት ጠጠር ከባድና ጸጥ ያለ ነው፣ ግን ላዩ ላይ ክብ ክብ ጉድጓድ ያለበትን ምረጡ፣ ሲደረብ አንዱ በአንዱ ይገባል። ልሙጡ ንጉሥ በክርን ሲነካ ከዙፋኑ ይወድቃል። ገበጣ ላይ ደግሞ ጉዳዩ ጭራሽ ተቃራኒ ነው። ጠጠሩ ባለቤት የለውም፣ የገባበት ጉድጓድ ነው የሚወስነው። ስለዚህ ምልክት አይፈልግም፣ እኩል መሆን ብቻ ነው የሚጠበቅበት። እጅ ውስጥ ሳታዩ ዘርግፋችሁ መዝራት የምትችሉት ዘር ወይም ጠጠር ካገኛችሁ ከተገዛው የመስታወት ብይ በብዙ ይሻላል።

ቼዝ ላይ ብዙ አማራጭ ያለ ይመስላል፣ የለም። በ1849 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ለሽያጭ የወጣው፣ በስታንተን ስም የሚጠራው ቅርጽ ነው የዓለም መለኪያ። ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ለውድድር ንጉሡ 9.5 ሴንቲሜትር፣ ወታደሩ 5 ሴንቲሜትር አካባቢ እንዲሆን፣ የሰሌዳው ቤት ደግሞ ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር እንዲሰፋ ይመክራል። የሮማ ወታደር ወይም የካርቱን ቅርጽ ያለው ቼዝ ተቀምጦ ይታይ እንጂ ለመማሪያ አይሁን። ጀማሪ ንግሥቱን ከጳጳሱ መለየት እያቃተው መክፈቻ ሊማር አይችልም። የእኛው የድሮ ቼዝ፣ ሰንጠረዥ እንኳ ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ ሳይፈራረቅ በቀይ ጨርቅ ላይ በተዘረጋ መስመር ብቻ ሲጫወቱበት ኖሯል። ቤቱ ባይለይም ጠጠሩ ከተለየ መጫወት ይቻላል።

የጠጠር ምልክት ምን ያህል ሊረዳ እንደሚችል ማየት ከፈለጋችሁ በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣውን ካታን የሚባል የሰሌዳ ጨዋታ ተመልከቱ። መሬቱ ላይ የሚቀመጡት ክብ ቁጥሮች ከሥራቸው ትንንሽ ነጥብ አላቸው። ነጥቡ ያ ቁጥር በሁለት ዳይስ ከ36 ስንት መንገድ እንደሚወጣ ነው የሚነግረው። 2 እና 12 አንድ አንድ ነጥብ፣ 6 እና 8 አምስት አምስት፣ እነሱ ደግሞ ቀይ ናቸው። ሒሳብ የማይወድ ሰው ነጥብ የበዛበት ቦታ ቤቱን ይሠራል፣ በቃ። ሌላ ቅጂ ወይም እቤት የታተመ ካታን ስትገዙ እነዚያ ነጥቦች መኖራቸውን እዩ፤ ርካሾቹ ላይ አንዳንዴ ይዘለላሉ፣ ያኔ ጀማሪው ባዶውን ይቀመጣል።

ዶሚኖ ስትመርጡ ደግሞ እስከ ድርብ ስድስት ያለው 28 ድንጋይ ነው፣ ለአራት ሰው ይበቃል። እስከ ድርብ ዘጠኝ 55፣ እስከ ድርብ 12 ደግሞ 91 አለው። በትልልቆቹ ላይ ነጥቦቹ በየቁጥሩ ቀለማቸው የሚለያየውን ካላገኛችሁ አትግዙ፣ ጥቁር በጥቁር ከሆነ 11ን ከ12 ለመለየት ጨዋታው መቆም አለበት።

ያገለገለ ስብስብ የምትገዙ ከሆነ ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት ቁጠሩ። ቼዝ 32፣ ባለ64 ቤት ዳማ 24፣ ሉዶ 16፣ ባክጋሞን 30 እና ሁለት ጥንድ ዳይስ፣ ዶሚኖ 28። የጎደለው ዳይስ ብቻ ከሆነ አትጨነቁ፣ ዋጋ ለማስቀነስ ተጠቀሙበት፤ ዳይሱን ከላይ እንዳልኩት ራሳችሁ መርጣችሁ ትገዛላችሁ። አንድ ፈረስ ከጎደለ ግን ይቅርባችሁ።